የአይሸሽም ሰባት ቤት

ጥር 22 ቀን 2002፣ ቅዳሜ

ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ በደባርቅ ገበያ መካከል ተዋረድኩ። ያዋረዱኝም ፊደል የማይለዩ ሽማግሌ ናቸው።

ይህን ደብተር የገዛሁት ለታፔላ ንድፍ ነበር። ግን እንዲህ ተዋርጄ ንድፍ አይወጣልኝም። ድሮ እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመኝ ለወንድሜ ለእንዳለው አወራለት ነበር፤ እስክጨርስ ጸጥ ብሎ ይሰማኝና «ታዲያ ምሳ በልተሃል?» ይለኛል። ከሞተ አሥራ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ስለዚህ ደብተሩ ይስማኝ።

በየቅዳሜው ከሱቄ ግድግዳ ላይ አንድ የሥዕል ታሪክ እሰቅላለሁ። ስድስት ሳጥን ሥዕል፣ ከየሥዕሉ ሥር ሁለት ሦስት መስመር ጽሑፍ። ወረቀቱ የሲሚንቶ ከረጢት ነው፤ ቀለሙ ከታፔላ የተረፈ። አገሩ «ሰሌዳው» ይለዋል። ኅዳር 1987 ስንጀምረው እንዳለው ይጽፍ ነበር፣ እኔ እሥል ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም እኔ ላይ ወድቋል። የበየዳ በቅሎ ነጋዴዎች ታሪክ ነው፣ ከቅድመ አያት እስከ ልጅ ልጅ የሚወርድ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሙሌ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ ገበያተኛው ከቦ ይሰማል። የዛሬው ቁጥር 604 ነበር። አይሸሽም ጤናዬን የሚያገባበት! ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠበቅ የኖረ ሰርግ።

ሙሌ «ሙሽራው ከበቅሎው ወረደ» ብሎ ሲያነብ ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ያኔ አያ ደስታው እጃቸውን አነሡ። አያ ደስታው የአምባራስ ሰው ናቸው፤ እዚህ ልጃቸው ዘንድ ከገቡ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል፣ አንድ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም።

«ቆይማ ሙሌ፣ ቆይ» አሉ ጣታቸውን እያጠፉ። «አይሸሽም የአበራ። አበራ የገላው። ገላው የሀብተ ሚካኤል። ጤናዬስ? የውዱ። ውዱ የስጦታ። ስጦታ…» ወደ እኔ ዞሩ። «ስጦታም የሀብተ ሚካኤል። ምነው ያርጋል? ልጅቱን ለወንድሟ ልትድራት ነው? ሰባት ቤት ይቅርና አራት አልሞላም እኮ!»

እልልታው ጉሮሮ ላይ ቀረ። አንዲት ሴት አማተበች። ከኋላ አንዱ «በገና ጾም የበላም እሱ ነው» አለ፤ ምን አገናኘው? ስጦታን ከሣልኩት አሥር ዓመት አልፎታል። ማን ያስታውሳል? አገር ያስታውሳል። እኔ ብቻ ረሳሁ።

ሰሌዳውን ያወረደችልኝ ሕሊና ናት፣ የእንዳለው ልጅ። ዳባት ታስተምራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። «ጋሼ» አለችኝ ወረቀቱን እየጠቀለለች፣ «ኮምፒውተር ሲጨናነቅ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ?»

«ኮምፒውተር የለኝም።»

«ሪስታርት ይደረጋል። ይጠፋና እንደ አዲስ ይነሣል።»

የኔ ልጅ፣ የሚጠፋው ምን እንደሆነ ብታውቂ።

ጥር 29፣ ቅዳሜ

ግድግዳው ባዶ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ክረምት ሳይሆን ባዶ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። እንዳለው የሞተ ሰሞን እንኳ አልዘለልኩም፤ ሐሙስ ቀብረነው ቅዳሜ ሰቅያለሁ።

ሰው እየመጣ ምስማሩን አይቶ ይመለሳል።

የካቲት 2፣ ማክሰኞ

ሁዳዴ ገባ። ሻይ ቤት ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ «ያርጋል አለቀበት» አለ። ሌላው «ያለቀበትስ ድሮ ነው፤ ወንድሙ ሲሞት» አለ።

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። የሆቴሉን የዋልያ ታፔላ ቀንዱን አጣምሜ ሣልኩትና መልሼ ፋቅሁት።

የካቲት 6፣ ቅዳሜ

ሕሊና ደብዳቤ ይዛ መጣች። ለካ በገና ዕረፍት ሰሌዳዎቹን በካሜራ አንሥታ ጎንደር ለአንድ አሳታሚ ልካ ኖሯል፤ ሳታማክረኝ! ሰውየው ሥዕሉን ወዶታል። መጽሐፍ አድርጎ ሊያትመው ይፈልጋል። መጽሐፍ! እኔ የሲሚንቶ ወረቀት ላይ የምሞነጫጭረው! ደስታዬ ግን እስከ ሁለተኛው አንቀጽ ብቻ ነው የቆየ።

«ታሪኩ ከረጅም ጊዜ ብዛት ተወሳስቧል፤ አዲስ አንባቢ ግራ ይጋባል። ስለዚህ ያለፈውን እንዳልነበረ ቆጥረን፣ አይሸሽምን ወጣት አድርገን፣ ከቁጥር አንድ እንጀምር» ይላል። ከዚያ ስሕተቶቼን ዘርዝሯል። አሥራ ሰባት ናቸው። የአበራ በቅሎ ከዳማ ወደ ነጭ ተለውጣለች። የወንዙ ውኃ አንድ ጊዜ ሽቅብ ፈስሷል። ሀብተ ሚካኤል በቁጥር 58 ሊማሊሞ ላይ ሞቶ ተቀብሮ በቁጥር 63 ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ጠባሳውም ከግራ ዓይኑ ወደ ቀኝ ዓይኑ ዞሯል።

ሁሉም እውነት ነው፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። የጠባሳውን ነገርማ ሙሌ ስንት ዓመት ቀለደበት! «የያርጋል ሰው ሞቶ ሲነሣ ዓይኑን ገልብጦ ይነሣል» እያለ። በዚያ ሰሞን ሥራ በዝቶብኝ ቸኩዬ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

መልስ እስከ ፋሲካ ይፈለጋል። ሙሌ ደብዳቤውን አንብቦ «እምቢ ትላለህ፤ አውቅሃለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለኝ።

የካቲት 10፣ ረቡዕ

አዲስ «ቁጥር አንድ» እየሣልኩ ነው። አይሸሽም ሃያ ዓመቱ ነው፤ ጠባሳ የለው፣ አያት የለው፣ ዕዳ የለው። ከተራራ ወርዶ ይመጣል፣ በቃ። እጄ ሳይከብደኝ ወረደልኝ። እንዲህ ቀላል ነገር ሠርቼ አላውቅም።

የካቲት 13፣ ቅዳሜ

ሰቀልኩት።

ሙሌ አነበበ። ስድስተኛው ሳጥን ላይ ሲደርስ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አያ ደስታው ጠጋ ብለው ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩትና «መልከ መልካም ነው። የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«አይሸሽም ነዋ፣ አያ» አልኩ።

«አይሸሽምን አውቀዋለሁ። አይሸሽም የአበራ ልጅ ነው። ይኼ የማን ነው?»

«ይኼ… ገና ነው። እንደ አዲስ ተጀምሮ ነው። ያለፈው ቀርቷል።»

«ቀርቷል? አበራ አልነበረም? ገላው አልነበረም?» ሕዝቡን ዞረው አዩት። «እኔ ለገላው ዕንባዬን አፍስሻለሁ እኮ። ዕንባዬ የት ይግባ?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በል እሺ፣ ይህ ልጅ ዘመድ ስለሌለው የፈለጋትን ያግባ። ማንም አይከለክለውም። ግን ሰርጉ ላይ ማን ይጠራለታል?» አሉኝ።

ሰው ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አሥር ሰዓት ሳይሞላ አወረድኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

የካቲት 14፣ እሑድ

ከሕሊና ጋር ተጣላን። «አንድ ቀን ስለሳቁ ትተዋለህ? መጽሐፍ ሆኖ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ይነበባል። አንተ ግን በአይጥ የተበላ ወረቀት ታቅፈህ ትቀመጣለህ። ለማን ብለህ ነው የምትይዘው?» አለችኝ።

«ለአይጡ» አልኳት።

ምሳ ሳትበላ ወደ ዳባት ሄደች። እናቷ አገርነሽ ሽሮውን አቅርባ ሁለታችንንም አየች። እኔም አልበላሁም። ለምን እንዲህ ያለ አፍ ሰጠኝ?

የካቲት 23፣ ማክሰኞ

ለአሳታሚው «እሺ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ፖስታውን አሽጌ ከቀይ ቀለም ጣሳ ሥር አስቀመጥኩት። የጎንደር መኪና ላይ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እሰጣለሁ።

ዛሬ ሁለት ሰው ወደ ጎንደር ሄደ። ረሳሁት።

የካቲት 27፣ ቅዳሜ

በረጅሙ መጻፍ አለብኝ። ደስታ ነው። ደስታ!

ጠዋት ገበያው ሳይሞላ አያ ደስታው ብቻቸውን መጡ። ጋቢያቸውን ሰብስበው በርጩማው ላይ ተቀመጡና «ያርጋል፣ ነገር አበላሽቼብህ እንቅልፍ አጣሁ። ልጅቱ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። የሽማግሌ ሥራ መከልከል ብቻ አይዶለም። ዘር ሲቆጠር በደንብ ይቆጠር። ጥንቱን አውጣው፣ አያቶቹን ልያቸው» አሉኝ።

«አያ፣ ይመኑኝ፣ እኔ አሥሬ ቆጥሬዋለሁ። ያው ነው።»

«አንተ የቆጠርከው ፊደሉን ነው። እኔ ሰዎቹን ልይ።»

አያ ደስታው እዚህ ሳይመጡ የተሰቀሉትን የመጀመሪያዎቹን ሰሌዳዎች አይተዋቸው አያውቁም፤ ሲወራ ሰምተው ነው የሚያውቁት። ጥቅሎቹን ከጣሪያው ሥር አወረድኩ። አቧራው አስነጠሰን። ከ41 ጀመርን፤ የሀብተ ሚካኤል ሚስት ገላውን ወልዳ የሞተችበት። ከዚያ ሀብተ ሚካኤል ሕፃኑን ለዕውር እናቱ ትቶ ለንግድ ይሄዳል። 58፤ ሊማሊሞ ላይ ናዳ ወርዶበት ይሞታል። ያንን እንዳለው ነው የጻፈው፣ ታሞ፣ አልጋ ላይ ሆኖ። ከዚያ 63ን ዘረጋሁ፤ ስድስት ዓመት ጠፍቶ የነበረው ሰው ጢሙን አሳድጎ፣ ደጅ ላይ ቆሞ፣ «መጣሁ» ሲል።

አያ ደስታው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው ጎንበስ አሉ። አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን።

«ይህ ሰውዬ ያ ሰውዬ አይዶለም» አሉ።

አፈርኩ። «ስሕተት ነው አያ። ጠባሳው ዞሮብኝ ነው። ሙሌ ሲስቅብኝ የኖረው በዚህ ነው።»

«ጠባሳ ይዞራል እንዴ? እኔ ፊደል አላውቅም፣ ያንተን ጽሑፍም ሙሌ ነው የሚነግረኝ። ዓይን ግን አውቃለሁ። ይኼኛው ግራውን ቆስሏል፣ ይኼኛው ቀኙን። ሁለት ሰው ነው።» ጣታቸውን ወደ 58 መለሱ፣ ወደ ስድስተኛው ሳጥን ጥግ። እዚያ መቃብሩ ላይ ድንጋይ የሚከምር፣ ጀርባውን የሰጠ ሰው አለ። «ይህስ ማን ነው?»

ከሥሩ በእንዳለው እጅ፣ «የመንገድ ጓዱ ቀበረው» ይላል። ስም የለውም። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልታየም። እኔም ማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

«እንጃ፣ አያ» አልኩ።

«እኔ ግን አውቄዋለሁ» አሉ። «ደጅ ላይ ቆሟል።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ ዛሬ ዘንዶ ጎርጉሬ ሰው አወጣሁ! ሁለት ሰው ከሆኑ፣ ገላው የሟቹ ልጅ ነው፤ ስጦታ ደግሞ በኋላ የመጣው ሰው። አይሸሽምና ጤናዬ ዘመድ አይደሉም! አሥራ አራት ዓመት ያሳፈረኝ ጠባሳ ልጅቱን ሊድራት ነው!

አያ ደስታው ግን ገና አልጨረሱም። «በእናትስ?» አሉ። የገላው እናት በ41 ሞታለች፤ ስጦታን የወለደችው ወለተ ሥላሴ ናት፣ በኋላ የመጣች። «ጡትስ? ወለተ ሥላሴ ገላውን አጥብታው እንደሆነ የጡት ወንድማማች ናቸው፤ ያው ነው» አሉ። ከዚያ 63 ላይ በሩን የከፈተውን ልጅ አሳየኋቸው። የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። ሰባት ስምንት ዓመት ይሆነዋል። ጥርስ የሚያወልቅ ልጅ ጡት አይጠባም።

«እሰይ!» አሉ አያ ደስታው፣ ጉልበታቸውን መትተው።

ሲሄዱ 63ን ልጠቀልል ገልብጬ ጀርባው ላይ ቀኑን አየሁ። ሰኔ 1 ቀን 1988፣ ቅዳሜ። ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

መጋቢት 4፣ ቅዳሜ

ቁጥር 605 ተሰቀለ። የ604ን ሰርግ አልሰረዝኩም። ሰርጉ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ጣታቸውን እያጠፉ ቤት ሲቆጥሩና ሙሽራው ፊቱን ሲያዞር ሣልኩ። ሽማግሌው አያ ደስታውን ቁርጥ ናቸው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ሥዕሉን ሲያዩ «አፍንጫዬን አበዛኸው» ብለው ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳው አጠገብ አልጠፉም።

በመጨረሻው ሳጥን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ሊማሊሞ ላይ ሀብተ ሚካኤልን የቀበረው ማን ነው?»

ሙሌ አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኖቹ ተከፈቱ። «ቀኝ ዓይን!» ብሎ ጮኸ። አፉን ያዝኩት። ከሰዓት በኋላ ለሁሉም «እኔ ድሮውኑ ሌላ ሰው ነው ብያለሁ» እያለ ያወራ ነበር። ይበል።

መጋቢት 6፣ ሰኞ

የሰውየውን ስም አጣሁ። አያ ደስታው «ስም የሌለው ሰው ቤት አይቆጠርለትም፤ አንድ በል» ብለውኛል። ኪዳነ ማርያም አልኩት። የአዲ አርቃይ ቆላ ሰው፣ በቅሎ ነጂ።

ግን ወደ ሟቹ ቤት ለምን ሄደ? ሌባ ላደርገው አልፈልግም። እጄ እምቢ ይላል።

መጋቢት 11፣ ቅዳሜ

606። ኪዳነ ማርያም ጓዱን ቀብሮ፣ መርዶ ሊነግር የሟቹን ጋቢና በቅሎ ይዞ ወደ በየዳ ይወጣል። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቅ ነበር። ከቦዛ የመጡ ሴቶች ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው ሰሙ። እንዲህ ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

ሕሊና መጥታ ነበር። ከየካቲት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። ከኋላ ቆማ ሰምታ ሳታናግረኝ ሄደች። በመስኮቱ በኩል ግን አየኋት፤ ስትሰማ ከንፈሯን ትነክስ ነበር።

መጋቢት 15፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ቁጥር 607 ላይ ነኝ። ታፔላ የሚያሠሩ ሰዎች ይጮኹብኛል። ይጩኹ።

መጋቢት 18፣ ቅዳሜ

ሙሌ ማንበብ አልቻለም። አራተኛው ሳጥን ላይ ድምፁ ተሰብሮ ሜትሩን ያሻሽ ጀመር። አንድ ተማሪ ልጅ ተቀብላ ጨረሰችው። እንዲህ ነው።

ኪዳነ ማርያም መርዶውን ሊናገር ደጅ ይቆማል። ዕውሯ እናት የበቅሎውን ኮቴ ሰምታ «ሀብተ ሚካኤል፣ ልጄ፣ መጣህ?» ትላለች። ጥርሰ ወላቃው ልጅ በሩን ይከፍታል። ኪዳነ ማርያም ቃሉ አፉ ላይ ይቀራል። ቤቱን ያያል፤ እሳት የለም፣ እህል የለም። «መጣሁ» ይላል። ከዚያ ሃያ ዓመት ያርሳል፣ ልጁን ያሳድጋል፣ አሮጊቷን ይጦራል። ልትሞት ስትል በእጇ ፊቱን ዳስሳ ቀኝ ዓይኑ ላይ ጣቷን ታሳርፋለች። «ከመጀመሪያው ቀን አውቄ ነው» ትለዋለች። «ልጄን የቀበረ ልጄ ነው።»

አለቀሱ። ወንዶቹም። ሰሌዳ የሰቀልኩት እኔ ራሴ አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍራል? አገርነሽ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ መጥታ ብቻዋን አነበበችው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ማታ ምስር ወጥ በሳሕን ልካልኛለች።

ሙሌ ሱቁን ሲዘጋ «ይህን ኪዳነ ማርያም የሚባል ሰው የት እንደማውቀው ጠፋብኝ» አለኝ።

«ማንን?»

«እንጃ። ታፔላ የሚሠራ ይመስለኛል።»

«ታፔላ አይሠራም፣ በቅሎ ነጂ ነው፤ አላነበብክም እንዴ?» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሙሌ አንዳንዴ ምን እንደሚል አይገባኝም።

ከቀይ ቀለሙ ጣሳ ሥር ፖስታውን አውጥቼ ቀደድኩት።

መጋቢት 19፣ ሆሣዕና

ለሕሊና ነገርኳት። «የጎንደሩን ሰው እምቢ ብሎሃል በይው። መጽሐፍ ከሆነ ከአንድ ይጀምራል፤ ከእውነተኛው አንድ። በቅሎዋ ትነጣለች፣ ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል፣ አሥራ ሰባቱም ስሕተት ይገባሉ። ካልሆነ ይቅር።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። «አሥራ ስድስት» አለችኝ። «የጠባሳው ስሕተት አይደለም።»

ይህቺን ልጅ ማን አሳደጋት?

መጋቢት 25፣ ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ

በግና ዶሮ ገበያውን ሞልቶታል፤ ሰሌዳው ጋ ግን መቆሚያ የለም። 608፣ ፍርዱ። የበየዳ ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀምጠው ይቆጥራሉ። አይሸሽም የሀብተ ሚካኤል፣ ጤናዬ የኪዳነ ማርያም። ሙሌ እያነበበ አያ ደስታው ጣታቸውን ያጥፋሉ፤ ሕዝቡም አብሮ ያጥፋል። የሁለት መቶ ሰው ጣት! «አይገናኙም!» አለ ገበያው ባንድ ድምፅ።

አንዲት ሴትዮ ግን «ሀብተ ሚካኤል ኖሯል ተብሎ ተዝካሩ ሳይወጣ ቀርቷል እኮ» አለች። እውነቷን ነው። በቀለም ብሩሹ እዚያው ስድስተኛው ሳጥን ጥግ ላይ ድንኳንና ጠላ ጨመርኩበት። በገበያ መካከል፣ ሰው እያየ። አጨበጨቡልኝ።

ሰርጉ ለዳግም ትንሣኤ ዋዜማ። በጾም አይሆንም።

ሚያዝያ 2፣ ቅዳሜ

ዳርኳት!

ቁጥር 609። ሁለት የሲሚንቶ ወረቀት አጋጥሜ፣ አሥራ ሁለት ሳጥን። ሙሌ ያን ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ መጣ። «ሙሽራው ከበቅሎው ወረደ» ሲል ቀና ብሎ አያ ደስታውን አየ። እሳቸውም ቀና ብለው «ይውረድ» አሉ። እልልታው እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ተሰማ፤ ወደ ፓርኩ የሚወጡ ቱሪስቶች ከመኪናቸው ወርደው የማን ሠርግ ነው ብለው ጠየቁ። አስጎብኚያቸው ምን እንዳላቸው እንጃ፣ እነሱም አጨበጨቡ። በጥር እልልታዋ ጉሮሮዋ ላይ የቀረባት ሴት ዛሬ ድፎ ዳቦ ጋግራ መጣች። ለወረቀት ሠርግ እውነተኛ ድፎ! አያ ደስታው ቆርሰው መርቀው አደሉ።

የጎንደሩ አሳታሚም መጥቶ ነበር፤ ሕሊና ሳትነግረኝ ጠርታዋለች፣ ልማዷ ነው። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው። ሕዝቡ መካከል ተጨናንቆ አንድ ገበሬን ጠየቀ፤ «ይህን ታሪክ ከመካከል የጀመረ ሰው ግራ አይጋባም?»

ገበሬው ዳቦውን እያኘከ «ሰው ሲወለድ ከመካከል አይዶለም እንዴ የሚጀምር? ይጠይቃላ!» አለው።

ሰውየው ሲሄድ «ቁጥር አንድ የት ነው ያለው? እውነተኛው?» አለኝ። አውርጄ ሰጠሁት። ሁሉንም በተራ ሊያትም ተስማማን፣ ከነበቅሎዋ፣ ከነወንዙ። አንድ ነገር ብቻ አስጨመርኩ፤ ሽፋኑ ላይ «እንዳለው» ከ«ያርጋል» በፊት እንዲጻፍ።

አሸነፍኩ። እንደዚህ ጽፌ አላውቅም፤ አሸነፍኩ!

ሚያዝያ 3፣ እሑድ

ሕሊና ወደ ዳባት ከመሄዷ በፊት ሱቅ መጣች። «ጋሼ፣ 63ን ስጠኝ» አለችኝ።

«መጽሐፉ ላይ ይወጣል እኮ።»

«መጽሐፉን አይደለም። ወረቀቱን።»

ዘረጋሁላት። ጠረጴዛው ላይ በአራት የቀለም ጣሳ አራቱን ጥግ ያዝነው። ጣቷን በሩን የከፈተው ልጅ ላይ አደረገች። «ይህ ጥርሰ ወላቃ እኔ ነኝ፣ አይደል?»

«ያን ጊዜ የማየው ልጅ አንቺን ብቻ ነበር» አልኩ።

«ደጅ የቆመውስ?» አለች። ጢም አልብሼዋለሁ፣ ጠባሳ አድርጌበታለሁ፣ በቅሎ አስይዤዋለሁ። እሷ ግን ጢሙን በመዳፏ ሸፈነችው። «እናቴ ቤት የአባቴ ፎቶ አንድም የለም፣ ታውቃለህ። መልኩን ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። ትናንት ለአሳታሚው አሳይቼ ስጠቀልለው አየሁት።»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቸኩዬ ነው ስል ኖሬያለሁ። ለሙሌም፣ ለራሴም፣ ለዚህ ደብተርም።

«እሱ ነው» አልኳት። «ሐሙስ ቀበርኩት። ዓርብ ቀኑን ሙሉ እየሣልኩ ወደ ቤት አስገባሁት።»

እሷም ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ዝም ያልኩትንም ጭምር። ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብላ ጠቅልላ፣ በክር አሥራ፣ ብብቷ ሥር አደረገችና በሩ ላይ ቆመች።

«ታዲያ ምሳ በልተሃል?» አለችኝ።

አልበላሁም ነበር። አብረን ወደ አገርነሽ ቤት ሄድን።